በማንኛውም ሰከንድ ቢቋረጥ ምን ይተርፋል? የአንድ ትንሽ የተርሚናል ፕሮግራምና የዳታቤዙ ጉዳይ

የጉዳዩ ባለቤት አንድ የፎቶ፣ የድምፅና የቪዲዮ ማኅደር ነው። ብዙ መቶ ሺህ ፋይሎች አሉት። አብዛኞቹ አንዴ ከገቡ በኋላ ለዓመታት ማንም አይከፍታቸውም። አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ያልተከፈተ ፋይል ሲበላሽ የሚያውቅ የለም። ዲስክ ያረጃል። ኮፒ መሃል ላይ ይቋረጣል። አንዳንዴ ጥቂት ባይት ብቻ ይለወጥና ፎቶው ከግማሽ በታች ግራጫ ሆኖ ይወጣል። የባሰው ደግሞ ባክአፑ ነው፤ የተበላሸው ቅጂ በደህናው ላይ ከተጻፈ በኋላ መመለሻ የለም።

ማኅደሩን የሚጠብቁት ባለሙያ የጠየቁት አንድ ነገር ነበር። "ይህ ፋይል ደህና መሆኑ ለመጨረሻ ጊዜ የተረጋገጠው መቼ ነው? ይህን ብቻ የሚነግረኝ ነገር ሥሩልኝ" አሉ። ጥያቄው አጭር ይመስላል እንጂ ከባድ ነው። ፕሮግራሙ "ትናንት ማታ" ብሎ ከመለሰ፣ ትናንት ማታ በእርግጥ አንብቦት መሆን አለበት። ሥራው ግማሽ ላይ ተቋርጦም ቢሆን መልሱ መዋሸት የለበትም።

ዘዴው የታወቀ ነው። እያንዳንዱ ፋይል ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው ይነበባል፣ ከዚያም ኤስኤችኤ-256 በሚባለው ስሌት የይዘቱ አሻራ፣ ማለትም ሃሽ፣ ይሰላለታል። ፋይሉ ምንም ያህል ትልቅ ይሁን ውጤቱ ሁልጊዜ 32 ባይት ነው። ከፋይሉ አንድ ቢት ቢለወጥ ሃሹ ሙሉ በሙሉ ሌላ ይሆናል። ሃሹን ትመዘግባለህ፣ ሌላ ቀን እንደገና ታሰላለህ፣ ታነጻጽራለህ። ፕሮግራሙ በፓይተን የተጻፈ ሲሆን ከተርሚናል የሚሠሩ ሦስት ትእዛዞች ብቻ አሉት፦ መዝግብ፣ አረጋግጥ፣ አሳይ። ማረጋገጡ በየሌሊቱ በክሮን (ትእዛዝን በተወሰነ ሰዓት በራሱ በሚያስነሳው መሣሪያ) ይነሳል። ሌሎቹን ሰው ቀን ላይ በእጁ ይሠራባቸዋል።

ታዲያ መዝገቡ የት ይቀመጥ?

የመጀመሪያው ቅጂ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነበር። በአንድ መስመር አንድ ፋይል፦ ሃሹ፣ መጠኑ፣ ቀኑ፣ ስሙ። ለትንሽ ሥራ ይህ ጥሩ ነው፣ ማንም በአይኑ አንብቦ ይረዳዋል። ማኅደሩ ሲያድግ ግን ሦስት ነገር ተፈጠረ። አንደኛ፣ የአንድን ፋይል ቀን ለመቀየር ዝርዝሩን በሙሉ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ በመጻፍ ላይ እያለ ከተቋረጠ ግማሽ ዝርዝር ይቀራል። ለዚህ መላ አለው፤ ወደ ጊዜያዊ ፋይል ጽፎ በመጨረሻ ስሙን መቀየር ነው፣ ስም መቀየሩ በአንድ ጊዜ የሚጠናቀቅ ስለሆነ። ግን ሦስተኛው ይመጣል። የሌሊቱ ሥራ ገና ሳያልቅ አንድ ሰው ጠዋት ላይ አዲስ ፎልደር ቢመዘግብ፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ዝርዝር ይጽፋሉ፣ በኋላ የጨረሰው የፊተኛውን ሥራ ያጠፋዋል። ይህን ለመከላከል ደግሞ የመቆለፊያ ፋይል ያስፈልጋል። ከዚያ ለፍጥነት ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ)። ከዚያ ለኢንዴክሱ ጥገና። እንዲህ እያልን ብንቀጥል ሳናስበው የራሳችንን ዳታቤዝ እየጻፍን ነው፣ ያውም ማንም ያልፈተነውን።

በሌላ በኩል እንደ ፖስትግሬስ ወይም ማይኤስኪውኤል ያለ በሰርቨር የሚሠራ ዳታቤዝ መትከል ለዚህ ሥራ ከባድ ነው። ሰርቨር መነሳት አለበት፣ ተጠቃሚና የይለፍ ቃል መፈጠር አለበት፣ ሰርቨሩ በወረደ ቀን ፕሮግራሙም አብሮ ይወርዳል። ባለሙያዋ ፕሮግራሙን በአንድ ፍላሽ ይዘው ሌላ ኮምፒውተር ላይ እንዲያስነሱት እንፈልጋለን።

የመረጥነው ኤስኪውላይት የተባለውን ዳታቤዝ ነው፤ እሱም የተወለደው ከተመሳሳይ ችግር ነው። ፈጣሪው ሪቻርድ ሂፕ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር መርከብ በሚሠራ ሶፍትዌር ላይ ይሠራ ነበር። ዳታው ኢንፎርሚክስ በሚባል የዳታቤዝ ሰርቨር ላይ ነበር፤ ሰርቨሩ በማይሠራ ጊዜ የእነሱ ፕሮግራም "ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልቻልኩም" ይላል፣ ወቀሳውም ለፕሮግራሙ ይሆናል። እናም ያለ ሰርቨር ከዲስክ በቀጥታ የሚያነብ ዳታቤዝ ለምን አይኖርም ብሎ ተነሳ፣ የመጀመሪያው ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2000 ወጣ። ኤስኪውላይት በፕሮግራሙ ውስጥ የሚካተት ላይብረሪ ነው። ሌላ ፕሮሰስ የለም፣ ፖርት የለም፣ የይለፍ ቃል የለም። ዳታቤዙ በሙሉ አንድ ፋይል ነው። ፓይተን ደግሞ ከ2.5 ቅጂ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2006 ወዲህ፣ አብሮት ይዞ ይመጣል፤ የሚጫን ነገር የለም።

ለማኅደር ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ይመዝናል። የፋይሉ አቀማመጥ ከ2004 ጀምሮ ወደ ኋላ እንደተጣጣመ ነው፣ አዘጋጆቹም እስከ 2050 ሊደግፉት ቃል ገብተዋል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ለዳታ ማቆያ ከሚመክራቸው ቅርጾች ውስጥ አስገብቶታል። ፋይሎችን ለሚጠብቅ መዝገብ ራሱ መዝገቡ ከሃያ ዓመት በኋላ መነበቡ ቀላል ነገር አይደለም።

ሠንጠረዦቹ

ብዙ ሰው እንዲህ ዓይነቱን ፕሮግራም ሲያስብ አንድ ሠንጠረዥ ይበቃል ይላል። ስም፣ ሃሽ፣ ቀን፣ አለቀ። እኛም ከዚያ ብንነሳ የባለሙያዋን ጥያቄ ግማሹን እንመልስ ነበር። የሚከብደው የጠፋ ፋይል ነው። አንድ ፋይል በዛሬው ምርመራ አልታየም እንበል። ጠፍቶ ነው? ወይስ ፕሮግራሙ እዚያ ፎልደር ሳይደርስ ተቋርጦ ነው? በአንድ ሠንጠረዥ ሁለቱ አይለዩም።

ስለዚህ "ዙር" የሚል ሁለተኛ ሠንጠረዥ ተጨመረ። እያንዳንዱ ምርመራ ሲጀምር አንድ ረድፍ ይጻፋል፦ የጀመረበት ሰዓት ይሞላል፣ ያለቀበት ባዶ ይቆያል። ያለቀበት የሚሞላው ዙሩ በእርግጥ ካለቀ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፋይል ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን የዙር ቁጥር ይይዛል። "ጠፍቷል" የሚለው ፍርድ የሚሰጠው ካለቀ ዙር ብቻ ነው። የተቋረጠ ዙር ያየውን መመስከር ይችላል፣ ስላላየው ነገር ግን ምንም መናገር አይችልም። ከሁሉም የንድፍ ውሳኔዎች ይህን ነው አብልጬ የምወደው፤ አንዲት ባዶ ሕዋስ ሙሉውን ፕሮግራም እውነተኛ አደረገችው።

ሦስተኛው ሠንጠረዥ "ግኝት" ነው። ሃሹ ሲለወጥ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። መጠኑ ወይም የተሻሻለበት ሰዓት አብሮ ከተለወጠ ምናልባት ሰው አርሞታል። ሰዓቱና መጠኑ ሳይነካ ሃሹ ብቻ ከተለወጠ ግን ማንም ሳይጽፍበት ይዘቱ ተቀይሯል ማለት ነው። ማንቂያው የሚደወለው ለዚህኛው ነው። ግኝት አይሰረዝም፣ ይጨመራል እንጂ።

ስለ ዓይነቶቹ ጥቂት ልበል። ኤስኪውላይት በነባሪው ስለ ዓይነት ልል ነው። "ቁጥር" ባልከው አምድ ላይ ቃል ብታስገባ ዝም ብሎ ይቀበላል። ከ3.37 ጀምሮ (2021) ሠንጠረዡን "ስትሪክት" ብለህ ካወጅከው ይህ ይቀራል፣ የተሳሳተ ዓይነት ሲመጣ ኤረር ይሰጣል። እዚህ ያለ ማመንታት ተጠቀምንበት። የፋይል ሰዓት በናኖሰከንድ ሙሉ ቁጥር ሆኖ ነው የሚቀመጠው። በነጥብ ቁጥር ቢቀመጥ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ይጠፋሉ፤ ቁጥሩ 19 አሃዝ ሲሆን የነጥቡ ዓይነት በትክክል የሚይዘው 15 ወይም 16 ነው። ያኔ ያልተነካ ፋይል "ሰዓቱ ተቀይሯል" ይባላል፣ የማንቂያው ፍርድም ይዛባል። ሃሹ ደግሞ በ64 ፊደል ጽሑፍ ሳይሆን በ32 ባይት ጥሬ መልኩ ይገባል።

ትራንዛክሽኑ የት ይጀምር፣ የት ያብቃ

የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው። ኤስኪውላይት ለአንድ ትራንዛክሽን (አንድ ላይ ለሚጻፉ ለውጦች) የሚሰጠው ዋስትና ግልጽ ነው፦ ወይ ሁሉም ይጻፋል፣ ወይ ምንም አይጻፍም። በነባሪው አሠራር ከመጻፉ በፊት የሚለወጡትን ገጾች የቀድሞ ይዘት ከዳታቤዙ አጠገብ በሚፈጥረው የጆርናል ፋይል ውስጥ ያኖራል። መሃል ላይ ቢሞት፣ ቀጥሎ ዳታቤዙን የሚከፍተው ፕሮሰስ ጆርናሉን አይቶ የቀድሞውን ይመልሳል። ለዚህ ነው ያንን "ትርፍ" የሚመስል ፋይል በፍጹም መሰረዝ የማይገባው። ፕሮግራሙ ከሞተ በኋላ ዳታቤዙን ወደ ትክክለኛ ቦታው የሚመልሰው እሱ ብቻ ነው።

ዋስትናው ዋጋ አለው። እያንዳንዱ ኮሚት (ትራንዛክሽኑን የሚያጸናው ትእዛዝ) ዳታው ዲስክ ላይ በእርግጥ እስኪያርፍ ይጠብቃል። የኤስኪውላይት አዘጋጆች የሚሰጡት ምሳሌ ይህን በደንብ ያሳያል፦ በተራ ኮምፒውተር በሰከንድ 50,000 ረድፍና ከዚያ በላይ ማስገባት ይቻላል፣ ትራንዛክሽን ግን በሰከንድ ጥቂት ደርዘን ብቻ ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በሰከንድ የሚዞረው 120 ጊዜ ነው፣ ኮሚት ደግሞ የዲስኩን ዙር ይጠብቃል። የሚዞር ክፍል በሌለው ኤስኤስዲ ላይ ልዩነቱ ይጠባል እንጂ አይጠፋም። "ኤስኪውላይት ቀርፋፋ ነው" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ለእያንዳንዱ ረድፍ ለየብቻ ኮሚት እያደረገ ነው።

ታዲያ ሁሉንም በአንድ ትራንዛክሽን እናድርገዋ? ፈጣን ነው። ነገር ግን ዙሩ ሌሊቱን ሙሉ ይሄዳል። ንጋት ላይ መብራት ቢጠፋ የሌሊቱ ሥራ በሙሉ ይሰረዛል፤ ዳታቤዙ አይበላሽም፣ ሥራው ግን የለም። በተጨማሪም ያ ትራንዛክሽን ክፍት እስካለ ድረስ ሌላ ማንም መጻፍ አይችልም።

የተመረጠው መሃከለኛው መንገድ ነው፣ በጥቅል መጻፍ። ጥቅሉ በምን ይለካ የሚለው ግን ማሰብ ይጠይቃል። "በየ500 ፋይሉ" ብትል ለፎቶ ጥሩ ነው፣ ፎቶ በፍጥነት ይነበባል። 500 ትልልቅ ቪዲዮ ግን ብዙ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ገደብ ተቀመጠ፦ 500 ፋይል ወይም 10 ሰከንድ፣ የቀደመው። ፕሮግራሙ ሲቋረጥ የሚጠፋው ሥራ በፋይል ብዛት ሳይሆን በጊዜ ሲለካ ነው ለሰው ትርጉም የሚሰጠው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ሕግ አለ። ሃሹ የሚሰላው ከትራንዛክሽኑ ውጭ ነው። ፋይሉን ማንበብ ረጅም ሥራ ነው፤ ትራንዛክሽን ከፍተህ ማንበብ ከጀመርክ የመጻፊያውን ቁልፍ ይዘህ፣ ሌሎችን አግደህ ነው የምታነበው። የእኛው ፕሮግራም መጀመሪያ ያነባል፣ ውጤቱን ሜሞሪ ላይ ያከማቻል፣ ጥቅሉ ሲሞላ "ቢጊን ኢሚዲየት" ብሎ ይከፍታል፣ ሁሉንም ይጽፋል፣ ኮሚት ያደርጋል። ቁልፉ የሚያዘው ለቅጽበት ነው። ኢሚዲየት የምትለዋ ቃል ትርፍ አይደለችም። ያለ እሷ ትራንዛክሽኑ እንደ አንባቢ ይጀምርና በኋላ ጸሐፊ ለመሆን ይሞክራል፤ በዚያ መካከል ሌላ ጸሐፊ ከገባ፣ ጠብቀህ የማይፈታ ግጭት ይፈጠራል፣ ኤረሩም ወዲያው ይመጣል።

ፓይተን ላይ መታወቅ ያለበት ሌላም አለ። ሞጁሉ በነባሪው ከኢንሰርት ወይም ከአፕዴት (ረድፍ ከማስገቢያና ከመቀየሪያ ትእዛዞች) በፊት ሳትጠይቀው ትራንዛክሽን ይከፍታል፣ ኮሚት ግን አያደርግልህም። ኮሚት ሳታደርግ ከዘጋህ የጻፍከው ሁሉ ይሰረዛል። እኔ አውቶማቲኩን አጥፍቶ መክፈቻውንና መዝጊያውን በግልጽ መጻፍ ይሻላል ባይ ነኝ። ኮዱን የሚያነብ ሰው ትራንዛክሽኑ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ በአይኑ ማየት አለበት።

ሌሊት ላይ የሚቆለፈው ዳታቤዝ

ፕሮግራሙ ሥራ ከጀመረ በኋላ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ታየ። አንዳንድ ሌሊት ዙሩ "ዳታቤዙ ተቆልፏል" ብሎ ገና ከመጀመሪያው ጥቅል ይሞታል። ሌላ ሌሊት ምንም የለም። ሌሊት ላይ ሌላ የሚጽፍ ፕሮግራም እንደሌለ ሁሉም እርግጠኛ ነበር። እውነትም አልነበረም።

ፍንጩን የሰጠን ዳታቤዙን ማን ከፍቶ እንደያዘ የሚያሳየው የሊኑክስ ትእዛዝ፣ ኤል ኤስ ኦ ኤፍ ነው። የያዘው "አሳይ" ነበር፣ ምንም የማይጽፈው ትእዛዝ። ቀን ላይ አንድ ሰው ዝርዝሩን ለማየት ውጤቱን በፓይፕ (የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው መስመር) ጽሑፍን ገጽ በገጽ ወደሚያሳየው ፕሮግራም፣ ወደ "ሌስ"፣ አስገብቶታል። የመጀመሪያውን ገጽ አየ፣ ተርሚናሉን ሳይዘጋ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሰንሰለቱ እንዲህ ነው። ሌስ የሚያነበው ለማሳየት የሚያስፈልገውን ያህል ነው። ሊኑክስ ላይ ፓይፕ በነባሪው 64 ኪሎባይት ይይዛል። ያ ሲሞላ "አሳይ" መጻፍ አቅቶት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፕሮግራሙ ደግሞ ረድፎቹን ከዳታቤዙ አንድ በአንድ እያወጣ ነበር የሚያትመው። ስለዚህ ሴሌክቱ (የንባብ ትእዛዙ) አላለቀም። ሴሌክቱ እስካላለቀ ድረስ የማንበቢያው ቁልፍ አይለቀቅም። በነባሪው የጆርናል አሠራር ጸሐፊ ኮሚት ለማድረግ አንባቢ በሙሉ እስኪወጣ መጠበቅ አለበት። የፓይተን ሞጁል በነባሪው 5 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ተስፋ ይቆርጣል። ያ አንባቢ ግን እስከ ጠዋት አይወጣም።

አንዳንድ ሌሊት ብቻ የሚከሰተውም በዚሁ ይገለጣል። ዝርዝሩ አጭር ከሆነ ሙሉው ፓይፑ ውስጥ ይገባል፣ "አሳይ" ጨርሶ ይወጣል፣ ሌስ ብቻውን ተከፍቶ ይቀራል፣ ማንም አይጎዳም። ረጅም ዝርዝር የተከፈተበት ቀን ነው ሌሊቱ የሚበላሸው። እንዲህ ያለውን ችግር የመጠበቂያውን ጊዜ በማርዘም ለመፍታት መሞከር ቀላል ነው፣ ብዙ ቦታም የሚደረገው እሱ ነው። እዚህ ምንም አይረዳም።

ሁለት ነገር ተደረገ። ዳታቤዙ ወደ ዋል አሠራር ተቀየረ፣ ከ2010 ጀምሮ፣ ከ3.7 ቅጂ አንስቶ ያለ ነው። በዚህ አሠራር አዲስ ለውጥ ወደ ሌላ ፋይል መጨረሻ ይጻፋል፤ አንባቢው የጀመረበትን ገጽታ ማየቱን ይቀጥላል፣ ጸሐፊውም አይጠብቀውም። ጸሐፊ ግን አሁንም በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ይህ ብቻውን ሌሊቱን ያድናል። ነገር ግን የተረሳው አንባቢ አሁንም አለ። እሱ እያለ ዋል ፋይሉ ተመልሶ ከመጀመሪያው መጻፍ ስለማይችል እያደገ ይሄዳል። ስለዚህ "አሳይ" ራሱ ተቀየረ፦ ውጤቱን በሙሉ ወደ ሜሞሪ ያነባል፣ ዳታቤዙን ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ማተም የሚጀምረው። ጥቂት መቶ ሺህ ረድፍ ለዛሬ ኮምፒውተር ሜሞሪ ምንም አይደለም። ተጠቃሚው ሌሱን ለሳምንት ቢተወው ግድ የለም።

ለተርሚናል ፕሮግራም ይህ ትልቅ ነጥብ ነው። የድር ሰርቨር መልሱን ልኮ ይገላገላል። የተርሚናል ፕሮግራም ውጤት ግን ወደ ሰው አይን ነው የሚሄደው፣ ሰው ደግሞ እስከፈለገ ድረስ ያቆመዋል። በሰው ፍጥነት የሚሄድ ነገርና የዳታቤዝ ቁልፍ አንድ ላይ መያያዝ የለባቸውም።

የፋይል ስሞች

ስሞቹን በኤስኪውኤሉ (በዳታቤዙ የትእዛዝ ጽሑፍ) ውስጥ በመቀጠል ሳይሆን፣ በቦታቸው የጥያቄ ምልክት አስቀምጦ ለየብቻ በማቀበል ማስገባት ግዴታ ነው። ስሙ ውስጥ ነጠላ ጥቅስ ያለበት ፋይል አንድ ቀን ይመጣል። ይህ የታወቀ ስለሆነ አልቆይበትም።

ያነሰ የሚታወቀው ሊኑክስ ላይ የፋይል ስም ጽሑፍ አለመሆኑ ነው። የባይቶች ቅደም ተከተል ነው፣ ትክክለኛ ዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን በባይት የመወከያ ደንብ) የመሆን ግዴታ የለበትም። ከድሮ ዲስኮች የተቀዱ ስሞች ብዙ ጊዜ በሌላ ኢንኮዲንግ ናቸው። ፓይተን እነዚህን በልዩ ምልክት አድርጎ ያነባቸዋል፣ ወደ ኤስኪውላይት እንደ ጽሑፍ ስታስገባቸው ግን ኤረር ይሰጣል። በተለይ መጠበቅ ያለባቸው የድሮ ፋይሎች ያኔ ከምርመራው ይወጣሉ ማለት ነው። ስሙ በጥሬ ባይት ተቀመጠ፤ ለሰው ማሳያ የሚሆን ጽሑፍ በሌላ አምድ።

የእኛን ፊደል በተመለከተ ሁለት ነገር ልጨምር። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው። በሊኑክስ የተለመደው የፋይል ስርዓት ኤክስት4 ላይ የስም ጣሪያው 255 ባይት በመሆኑ ስሙ ከ85 ፊደል አይበልጥም፤ ረጅም ገላጭ ስም የሚሰጥ ሰው ይደርስበታል። መልካሙ ደግሞ ይህ ነው፦ ምልክት ያለባቸው የላቲን ፊደላት በሁለት መንገድ ሊጻፉ ይችላሉ፣ የድሮው የማክ ፋይል ስርዓት ኤችኤፍኤስ ፕላስም ስሙን ይበታትነዋል። ያኔ አንድ ፋይል ከማክ ወደ ሊኑክስ ሲሄድ "አንዱ ጠፋ፣ ሌላ አዲስ መጣ" ይባላል። የግዕዝ ፊደላት ግን እያንዳንዳቸው አንድ ኮድ ስለሆኑ የሚበታተኑበት መንገድ የለም። ፍለጋ ላይ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ ለዳታቤዙ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። "ሐረግ" ብሎ የፈለገ "ሀረግ"ን አያገኝም። በማሳያው አምድ አጠገብ ድምፃቸው የሚመሳሰል ፊደላት ወደ አንድ የተቀየሩበት የመፈለጊያ አምድ ተጨመረ፣ ተጠቃሚው የሚጽፈውም ከመፈለጉ በፊት በዚያው ሕግ ይቀየራል።

ቦታውና ባክአፑ

ዳታቤዙን ማኅደሩ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ተፈጥሯዊ ይመስላል። እዚህ ግን ማኅደሩ በኔትወርክ ዲስክ ላይ ነው። የኔትወርክ ፋይል ስርዓቶች የቁልፍ አያያዝ ብዙ ጊዜ አስተማማኝ አይደለም፣ ዋል ደግሞ ተጠቃሚዎቹ ሁሉ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሆነው ሜሞሪ እንዲጋሩ ይፈልጋል። ስለዚህ ፋይሎቹ በኔትወርክ፣ ዳታቤዙ ፕሮግራሙ በሚሠራበት ኮምፒውተር የራሱ ዲስክ ላይ ሆኑ። በዚያው ፕሮግራሙ የራሱን ዳታቤዝ ሃሽ አድርጎ በየሌሊቱ "ተቀይሯል" ከማለት ዳነ።

ባክአፕ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሥራ ላይ ያለን ዳታቤዝ በተራ ኮፒ ማንሳት ግማሽ አሮጌ፣ ግማሽ አዲስ ፋይል ሊሰጥ ይችላል፣ በዋል አሠራር ደግሞ የቅርብ ጊዜው ለውጥ ሌላ ፋይል ውስጥ ነው ያለው። ከ3.27 ጀምሮ "ቫኪዩም ኢንቱ" የሚባለው ትእዛዝ ወጥ የሆነ ንጹሕ ቅጂ በአዲስ ፋይል ያወጣል። ዙሩ ሲያልቅ ይህ ይሠራል፣ በቅጂው ላይ የጤንነት ምርመራው ይካሄዳል፣ ደህና ከሆነ ወደ ኔትወርኩ ይገባል።

የዲስክ ማረጋገጫው መጠን ላይ ክርክር ነበር። ፍጥነት ፈልገው ይህን መጠን የሚወስነውን "ሲንክሮነስ" የሚባል ቅንብር ሙሉ በሙሉ የሚያጠፉ አሉ። ያኔ መብራት ሲጠፋ ዳታቤዙ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። የተመረጠው "ኖርማል" ነው። በዋል አሠራር መብራት ቢጠፋ የመጨረሻዎቹ ኮሚቶች ሊጠፉ ይችላሉ፣ ዳታቤዙ ግን ወጥ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ሥራ ይህ ይበቃል፤ የጠፋው ረድፍ ማለት ፋይሉ ነገ እንደገና ይነበባል ማለት ብቻ ነው። ገንዘብ የሚመዘግብ ፕሮግራም ቢሆን "ፉል" ይሁን እል ነበር።

ፈተናውም በዚሁ መንፈስ ተሠራ። አንድ ስክሪፕት ፕሮግራሙን ያስነሳል፣ በዘፈቀደ በተመረጠ ቅጽበት በኪል ማይነስ 9 ይገድለዋል፣ ዳታቤዙን ይፈትሻል፣ እንደገና ያስነሳል። ያለቀበት ሰዓት ባዶ የሆነ ዙር "ጠፍቷል" የሚል ግኝት ጽፎ ከተገኘ ፈተናው ይወድቃል። ይህ የመብራት መጥፋትን አይተካም፣ ምክንያቱም ፕሮሰስ ሲገደል ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የያዘውን ወደ ዲስክ ማውረዱን ይቀጥላል። ለዚያ ቨርቹዋል ማሽን ማስነሳትና ድንገት ማጥፋት ያስፈልጋል፣ ያም ተደርጓል።

የሠንጠረዡ ቅርጽ ሲቀየር የሚረዳው "ዩዘር ቨርዥን" የሚባል ዳታቤዙ ራሱ ውስጥ የሚቀመጥ ቁጥር ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ ቁጥሩን ያያል፣ ከሚያውቀው ካነሰ ደረጃ በደረጃ ያሳድገዋል፣ ሁሉንም በአንድ ትራንዛክሽን። ቁጥሩ ከሚያውቀው ከበለጠ አልነካም ብሎ ይወጣል። የድሮ ፕሮግራም አዲስ ዳታቤዝ ላይ እንዳይጽፍ የሚከለክለው ይህች ፍተሻ ናት።

በቅርቡ አዲስ ጥያቄ መጣ። ማኅደሩ ሁለተኛ ቦታ ሊከፍት ነው፣ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ወደ አንዱ መዝገብ ይጻፉ ወይ? መልሱ አይጻፉ ነው። ከብዙ ማሽን በአንድ ጊዜ መጻፍ ሲያስፈልግ የሰርቨር ዳታቤዝ ቦታው ነው። እዚህ ግን አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ቦታ የሚያረጋግጠው የራሱን ፋይሎች ነው። ሁለት ዳታቤዝ ይኖራል። "አሳይ" የሁለቱንም ንጹሕ ቅጂ ለንባብ ብቻ በ"አታች" ያያይዛል፣ በነባሪው እስከ 10 ድረስ ማያያዝ ይቻላል፣ ከሁለቱም አንድ ዝርዝር ያወጣል። ባለሙያዋ የፋይሉን ስም ሲጽፉ የትኛው ቦታ እንዳለ፣ መጨረሻ የተረጋገጠበት ቀንና ዙሩ ያለቀ ይሁን የተቋረጠ በአንድ መስመር ይመጣላቸዋል።